ስለ ሞተር ጀልባ ፕሮፔለር አመራረጥ
(በትምህርት ቤቱ በዓል ዕለት በክፍላችን ስም የተነገረ)



በፊታችሁ በጠረጴዛው ላይ የምታዩዋቸው ሁለት ፕሮፔለሮች ለዓይን አንድ ይመስላሉ። ሁለቱም ከአሉሚኒየም የተሠሩና ባለ ሦስት ክንፍ ናቸው። ይሁን እንጂ አንደኛው ባለፈው ዓመት ጣና ላይ ሊያሳድረን ምንም ያህል አልቀረውም፤ ሁለተኛው ግን በደኅና ያመላልሰናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአንዱ ጓደኛችን አጎት ፖንቱን ጀልባ አላቸው፤ ይኸውም በሁለት ረዣዥም የአሉሚኒየም ተንሳፋፊዎች ላይ ጣውላ የተነጠፈበትና ከኋላው 40 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር የታሰረበት ነው። ዘጠኝ ሆነን ወደ ዘጌ ሄደን ስንመለስ፣ ከቀትር በኋላ እንደ ልማዱ ነፋስ ተነሣ፤ ማዕበሉም በረታ። እሳቸው ነዳጁን እስከ መጨረሻው ቢሰጡትም ሞተሩ ማቃሰት እንጂ መሮጥ አቃተው። ዳር ዳሩን በታንኳ የሚቀዝፉ አንድ ሽማግሌ ቀድመውን ሲያልፉ የተሰማንን እፍረት መናገር አያስፈልግም። ባሕር ዳር የደረስነው ከመሸ በኋላ ሲሆን፣ እናቶቻችን ፋኖስ ይዘው ከውሃው ዳር ቆመው አገኘናቸው።

በማግሥቱ ፕሮፔለሩን ፈታነው። «ጋሼ፣ ይህ 13 የሚለው ቁጥር ምንድን ነው?» ብለን ብንጠይቃቸው፣ «እኔ ምኑን ዐውቄ ልጆቼ! ሻጩ ቁጥሩ ከፍ ያለው ይፈጥናል ቢለኝ ገዛሁት እንጂ» አሉን። ሻጩ ፈጽሞ አልዋሸም፤ ነገር ግን ለቀላል ጀልባ የሚሆነውን ነገር ለከባድ ጀልባ ተናገረ።

በፕሮፔለር ላይ ሁለት ቁጥር ይጻፋል። የመጀመሪያው ክንፎቹ ሲዞሩ የሚሠሩት ክብ ከዳር እስከ ዳር ያለው ስፋት ነው። ሁለተኛው ፒች ይባላል፤ ብሎን ሲዞር ወደ እንጨት እንደሚገባ ሁሉ፣ ፕሮፔለሩ አንድ ጊዜ ሲዞር ወደ ፊት ሊሄድ የሚገባውን ርቀት በኢንች ያመለክታል። ውሃ ግን እንጨት አይደለምና ሁልጊዜ ጥቂት ያንሸራትታል። ትልቅ ፒች ማለት ጭነት የያዘ መኪና በአራተኛ ማርሽ ዳገት እንደ መውጣት ነው። ፖንቱን ደግሞ ሰው የሚበዛበት፣ ነፋስም የሚይዘው ስለሆነ ትንሽ ፒችና ሰፊ ክንፍ ይሻል።

በዚህ ላይ የአገራችን ከፍታ ይጨመራል። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ስለሚሳሳ ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ ከመቶ 3 ያህል ያጣል፤ ስለዚህ የእኛው 40 ፈረስ እዚህ ከ33 እምብዛም አይበልጥም። ሰባቱ ፈረሶች ዳገቱን ሲወጡ በመንገድ ቀርተዋል ማለት ነው!

ፍርዱን የሚሰጠው ግን ዙር ቆጣሪው ነው። የሞተሩ መጽሐፍ፣ ነዳጅ በሙሉ ሲሰጠው በደቂቃ ከ5,000 እስከ 6,000 ዙር ሊዞር ይገባል ይላል። እኛም ዘጠኛችን ተሳፍረን፣ ጧት ውሃው ጸጥ ሳለ፣ አንድ ጊዜ በመሄድ አንድ ጊዜ በመመለስ ብንለካው 4,700 ብቻ ሆነ። ከፒቹ አንድ ኢንች ሲቀነስ ከ150 እስከ 200 ዙር ያህል ይጨመራል፤ ስለዚህ ፒቹ 10 የሆነውን ተውሰን ብናስር 5,300 ደረሰ። ከሚገባው በታች የሚዞር ሞተር ይታፈናል፣ ዕድሜውም ያጥራል፤ ከልክ በላይ የሚዞረውም እንደዚሁ ይጎዳልና ፒቹን ያለ መጠን ማሳነስ አይገባም።

አንዳንዶች «ለምን የማይዝግ ብረት አልገዛችሁም?» ይሉናል። እርሱ በእርግጥ ጠንካራ ነው፤ ዳሩ ግን ድንጋይ ሲመታ አሉሚኒየሙ ተጣምሞ ጉዳቱን ራሱ ይቀበላል፤ ብረቱ ወደ ማርሹ ሊያሳልፈው ይችላል። ዋጋውም ለእኛ የሚቀመስ አይደለም።

አሁን ቀርባችሁ ሁለቱን በእጃችሁ ልታመዛዝኑ ትችላላችሁ። ጠርዛቸው ይቆርጣልና ሕፃናትን ጠብቁልን፤ ባለ 10 ቁጥሩንም ጋሼ ነገ ማለዳ ስለሚፈልጉት ዛሬ ማታ መመለስ አለብን።