ማጣሪያው ሲቆም
በደብረ ብርሃን ብርድ ትንሽ የኮይ ኩሬ ስለ መጠበቅ፤ በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መድረክ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል



የዛሬው ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሲለጠፍ አንድ ባልደረባዬ «ከሃያ ዓመት በላይ ስለ ውኃ አስተምረህ መጨረሻህ የዓሣ ገንዳ ሆነ?» ሲል ቀልዶብኛል። ቀልዱን ተቀብዬዋለሁ። ሆኖም ለተማሪዎቼ በሰሌዳ ላይ ስጽፈው የኖርሁትን ነገር ሁሉ በአንድ ሌሊት የፈተነኝ ይኸው የዓሣ ገንዳ ነው፤ ፈተናውንም ወድቄያለሁ። ዛሬ የምነግራችሁ እንዴት እንደ ወደቅሁና ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረግሁ ነው።

ኩሬው በግቢዬ ጥግ ያለ ነው፤ ርዝመቱ ሁለት ሜትር ተኩል፣ ወርዱ ሁለት ሜትር፣ ጥልቀቱ 80 ሳንቲ ሜትር። ሲሞላ 4,000 ሊትር ይይዛል። በውስጡ ስድስት ኮይ ነበሩ። ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት ዓሣዎቹን መጀመሪያ ያዩ ዕለት የጠየቁኝ «ይበላል?» ብለው ነበር። እንደሚበላ ስነግራቸው ቀጥለው በጾም ይበላል ወይስ አይበላም ወደሚለው የቆየ ክርክር ገባን፤ እርሱን ለሌላ መድረክ እተወዋለሁ። ማጣሪያው በሱቅ የተገዛ፣ ከጀሪካን ብዙም የማይበልጥ፣ ክዳኑ በብሎን የሚጠብቅ ድፍን ዕቃ ነበር። ፓምፑ ውኃውን በግፊት ያስገባበታል፤ ውኃው በስፖንጆች አልፎ፣ በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ተሻግሮ ወደ ኩሬው ይመለሳል። ከግንቦት እስከ ኅዳር ውኃው እንደ መስተዋት ሆኖ ቆየ፤ እኔም ኮራሁ።

በታኅሣሥ አንድ ቀን ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። በማግሥቱ ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ሲመጣ እኔ ክፍል ውስጥ ነበርሁ። ፓምፑ ማንንም ሳይጠይቅ ሥራውን ጀመረ። ለምሳ ወደ ቤት ስመለስ ግቢው የተበላሸ እንቁላል ሽታ ይሸታል፤ አራቱ ዓሣዎች በጎናቸው ተንሳፈዋል። ውኃው ከማጣሪያው በሚወርድበት ቦታ መሰብሰብ ልማዳቸው ነበርና የሞቱት እዚያው ነው። ሁለቱ በወዲያኛው ጫፍ፣ ከድንጋዩ ሥር ተርፈዋል። ጎረቤቴ መጥተው አዩና «ልጄ፣ ድሮስ ዓሣን ደብረ ብርሃን ምን አመጣው? ብርዱ ነው የገደላቸው» አሉኝ። እኔም ለሁለት ቀን ያህል እንዲያ ብዬ አመንሁ። ብርዱን መክሰስ ራስን ከመክሰስ ይቀላልና።

ብርዱ ግን አልነበረም። ኮይ የሚለው ስም እንግዳ ቢመስልም ዓሣው የታወቀው ካርፕ ነው፤ በቆቃ ሐይቅ የሚጠመደው ካርፕ የቅርብ ዘመዱ ነው። ቀይ፣ ነጭና ጥቁር ቀለሙን ያገኘው በጃፓን ነው፤ ኒጋታ በሚባለው፣ ክረምቱን በረዶ በሚውጠው ተራራማ አገር የሚኖሩ የሩዝ ገበሬዎች በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እየመረጡ አራቡት። ከአገሩ ውጭ ዝናው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1914 በቶክዮ በተካሄደ ዐውደ ርእይ ላይ ከታየ በኋላ ነው። ስለዚህ ለኮይ የእኛ ውርጭ እንግዳ አይደለም። በውርጭ የሚቸገረው ሌላ ፍጡር ነው፤ እርሱም በማጣሪያው ውስጥ የሚኖረው፣ በዓይን የማይታየው ነው።

ማጣሪያ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ዝቃጭን መያዝ ነው፤ ይህን ሥራ ማንኛውም ወንፊት ይሠራዋል፣ አላቆይበትም። ሁለተኛው አሞኒያን መለወጥ ነው። ዓሣ የሚበላው ፕሮቲን ትርፉ በአብዛኛው አሞኒያ ሆኖ በስንጥቡ በኩል ወደ ውኃው ይወጣል፤ አሞኒያም መርዝ ነው። በስፖንጁና በድንጋዩ ገጽ ላይ ስስ ሽፋን ሠርተው የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌሎች ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ ናይትሬት ግን በመጠኑ ከሆነ ጉዳቱ ትንሽ ነው፣ ዕፀዋትም ይመገቡታል።

አሁን ትንሽ ስሌት ታገሡኝ። 35 በመቶ ፕሮቲን ያለው መኖ በቀን 50 ግራም ብትሰጡ ወደ 1.6 ግራም የሚጠጋ የአሞኒያ ናይትሮጅን ይወጣል። ይህን ለመለወጥ ባክቴሪያዎቹ ከ7 ግራም በላይ ኦክስጅን ይፈልጋሉ። ይህ ዓሣዎቹ ራሳቸው ከሚተነፍሱት ሌላ ነው። እንግዲህ የእኛ ከተማ ያለችው ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሰባት ዐሥረኛው ያህል ብቻ ነው። በባሕር ጠለል 10 ዲግሪ ሙቀት ያለው ውኃ በሊትር 11 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ እዚህ የሚይዘው 8 ያህል ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ አሙቃው 20 ዲግሪ ሲደርስ ደግሞ ወደ ስድስት ተኩል ይወርዳል። የማጣሪያው ሠሪ ቁጥሮቹን ሲጽፍ ደብረ ብርሃንን አላሰበም።

ወደዚያች ሌሊት ልመለስ። ፓምፑ ሲቆም በዚያ ድፍን ዕቃ ውስጥ ያለው ውኃም ቆመ። ባክቴሪያዎቹ ግን መተንፈሳቸውን አላቆሙም። በዕቃው ውስጥ የቀረችውን ጥቂት ኦክስጅን ጨረሱ፤ ከዚያ ራሳቸው መሞት ጀመሩ። በስፖንጁ ውስጥ ለሰባት ወር የተጠራቀመው ዝቃጭ ኦክስጅን በሌለበት መበስበስ ያዘ፤ የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው ጋዝ፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ፣ የተገኘው ከዚያ ነው። መብራቱ ሲመጣ ፓምፑ ይህን ሁሉ ገፍቶ፣ ሌሊቱን አየር አጥሯቸው ባደሩት ዓሣዎች ላይ ደፋው። የገደልኋቸው እኔ ነኝ። ዝቃጩን በጊዜው አላወጣሁም፣ ፓምፑንም መብራት ሲመጣ በራሱ እንዲነሣ ትቼዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው «የትኛውን ማጣሪያ ልግዛ?» ብሎ ሲጠይቀኝ መልሼ የምጠይቀው «መብራት የጠፋ ዕለት ምን ይሆናል?» ብዬ ነው። ድፍኑ ዕቃ ንጹሕ፣ ትንሽና ለዓይን የማይከብድ ነው፤ መብራት በማይቋረጥበት አገር እኔም እርሱን እመርጥ ነበር። እዚህ ግን የምመርጠው ሲቆም ውኃው በራሱ ወርዶ የሚያልቅለትን፣ ውስጡ አየር የሚያገኘውን ክፍት ማጣሪያ ነው። እርጥብ ሆኖ አየር ውስጥ የቆየ ድንጋይ ላይ ያሉ ባክቴሪያዎች ከብዙ ሰዓት በኋላም በሕይወት ይገኛሉ፤ በቆመ ውኃ ውስጥ የታፈኑት ግን አይገኙም።

አሁን ያለኝ ማጣሪያ ሁለት የ60 ሊትር በርሜሎች ናቸው፤ ሁለቱም ተያይዘው ከአንድ ጠረጴዛ ያነሰ ቦታ ይይዛሉ። በመጀመሪያው ውኃው በጎን ገብቶ ይዞራል፣ ዝቃጩ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከሥር ያለችውን ቧንቧ በየሦስት ቀኑ ከፍቼ ዝቃጩን ለአትክልቴ አፈስሰዋለሁ። ሁለተኛው ከኩሬው ከፍ ብሎ የተቀመጠ፣ ሥሩ የተበሳሳ ነው፤ ውኃው ከላይ እንደ ዝናብ እየተንጠባጠበ ያልፍበታል፣ በዚያውም አየር ያገኛል። የሞላሁት ከቢሾፍቱ አካባቢ በሚወጣው ቀዩ፣ ቀዳዳ በበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። አንዱ ፍሬ እንቁላል ያህል ይሁን፤ ካነሰ ይደፈናል። ውኃው ቀይ መሆኑን እስኪተው ድረስ ማጠብ ያስፈልጋል፤ እኔ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ፈጅቶብኛል። ድንጋዩን በሽንኩርት መረብ ከረጢት ከፋፍዬ ስላስገባሁት ለማጽዳት አንዱን ብቻ ማውጣት እችላለሁ። ድንጋዩ የከበደበት ሰው የፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳኖችን ቢሰበስብ ይሠሩለታል፤ የሚኖሩበት ገጽ ግን ያንሳል፣ በርሜሉ ይብዛ።

ክፍት ማጣሪያ ጉድለት አለው፤ አልደብቅም። እንደ ዝናብ የሚወርድ ውኃ በውርጭ ሌሊት ፈጥኖ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ በርሜሉን በጆንያና በሣር እጠቀልለዋለሁ፣ ላዩንም አየር እንዲያስገባ ሳላ አድርጌ እከድነዋለሁ። እንዲያም ሆኖ በታኅሣሥ አንድ ጠዋት ቴርሞ ሜትሬ 9 ዲግሪ አሳይቶኛል። በእንዲህ ያለ ቅዝቃዜ ባክቴሪያዎቹ እጅግ ይዘገያሉ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ መኖ መቀነስ፣ ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን ጨርሶ መተው። ዓሣው በብርድ ጊዜ አይርበውም። ብርዱ አንድ ውለታም ይውላል፤ ፒኤች 8 በሆነ ውኃ ውስጥ 25 ዲግሪ ላይ ከጠቅላላው አሞኒያ 5 በመቶ ያህሉ በመርዛማ መልኩ ሲገኝ 10 ዲግሪ ላይ ከ2 በመቶ በታች ነው።

በሱቅ የሚሸጠውን ለሚገዛ ሰው ሁለት ነገር ልበል። በብዙ ካርቶኖች ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር ዓሣ ለሌለበት ኩሬ ነው። ከሥሩ በትናንሽ ፊደላት ፈልጉ፤ ዓሣ ላለበት ግማሹ፣ ኮይ ላለበት ሩቡ ተብሎ ታገኙታላችሁ። የእኔ «4,000 ሊትር» የሚል ነበር፤ ደስ ብሎኝ ገዛሁት። የፓምፑም ቁጥር እንዲሁ ውኃውን ምንም ከፍ ሳያደርግ የሚገፋው ነው። በሰዓት 3,000 ሊትር የተባለልኝ ፓምፕ አንድ ሜትር ከሃያ ከፍ ሲያደርግ ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን የሞላው በ50 ሰከንድ ነው፤ በሰዓት 1,440 ሊትር ማለት ነው። ኩሬዬ በሁለት ሰዓት አንድ ጊዜ ተጣርቶ እንዲያልቅ ጀሪካኑ በ36 ሰከንድ መሙላት ነበረበት። ጀሪካንና ሰዓት ካላችሁ ማንም አያታልላችሁም።

ስለ ጽዳት አንድ የቆየ ጥፋቴን ልናዘዝ። በመጀመሪያው ወር ስፖንጆቹን በቧንቧ ውኃ አጥቤ እንደ አዲስ ነጭ አድርጌያቸው ነበር። ቧንቧው ውስጥ ያለው ክሎሪን ለእኛ ጤና የገባ ነው፤ ሥራውም ባክቴሪያ መግደል ነውና ሠራው። ማጣሪያው እንደ ገና ከዜሮ ጀመረ፤ በሞቃት ጊዜ ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት፣ በእኛ ብርድ ከዚያም በላይ ይፈጃል። አሁን በባልዲ የኩሬውን ውኃ እቀዳና በእርሱ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ አደርጋለሁ፤ በአንድ ጊዜ ከግማሹ በላይ አልነካም። ቡናማው ልጥፍጥፍ ሽፋን እድፍ አይደለም፣ ባክቴሪያዎቹ ራሳቸው ናቸው። ለኩሬው የምጨምረውን ውኃ ሮቶ ውስጥ ክዳኑን ከፍቼ ሁለት ቀን አሳድረዋለሁ። በተጨማሪም ባክቴሪያዎቹ ሲሠሩ የውኃውን አሲድን የመቋቋም ኃይል ይበላሉ፤ ፒኤቹ ሲወርድ እነርሱም ሥራ ያቆማሉ። ፒኤቹን እየለካሁ ሲያስፈልግ አንዳንድ የሾርባ ማንኪያ ሶዳ በውኃ በጥብጬ እጨምራለሁ።

በአንኮበር በኩል ያለ አንድ ወዳጄ ይህን ሁሉ ሰምቶ ሳቀብኝ። እርሱ ፓምፕ የለውም። ከቤቱ በላይ ካለ ምንጭ በቱቦ የሚወርድ ውኃ በድንጋይ በተሞላ በርሜል አልፎ ኩሬው ይገባል፣ ትርፉ ወደ ጓሮው ይወጣል። ቁልቁለቱ መብራት ሆኖለታል። ለአንኮበር ሰዎች የምመክረው ይህንኑ ነው፤ ነገር ግን መውጫው ላይ ጥቅጥቅ ያለ ወንፊት ይኑር። ካርፕ ጭቃ እየቆፈረ የሚመገብ፣ ወንዝ የሚያደፈርስ ዓሣ ነው። ከአንኮበር ገደል የሚወርደው ውኃ ወደ አዋሽ ይሄዳል፤ ከእኛ ግቢ የሚወጣው በበሬሳና በጀማ አድርጎ ወደ ዓባይ ይሄዳል። በእነዚህ ሁለት ውኃዎች መካከል በምትገኝ ከተማ የሚኖር ሰው «ትንሽ ዓሣ ናት» ብሎ ወደ ቦይ መልቀቅ የለበትም።

የተረፉት ሁለቱ ዛሬም አሉ። ባለፈው ሳምንት መብራት ለዘጠኝ ሰዓት ጠፍቶ ነበር። ፓምፑን ከሶኬቱ ነቀልሁት፤ መብራት ሲመጣ ከመጀመሪያው በርሜል ሁለት ጀሪካን ያህል ወደ አትክልቱ አፍስሼ፣ አሽትቼ፣ ከዚያ በኋላ ሰካሁት። አሁን ሁለቱም ውኃው በሚወርድበት ቦታ ይቆማሉ።

ጥያቄ ያላችሁ በእጃችሁ አመልክቱ፤ ከኋላ ካሉት እንጀምር።