ስለ ወንዶች ልጆች ጠጉር
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዕድሩ ኮሚቴ ስለ ወንዶች ልጆች ጠጉር ማደግ ጥቂት እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ፣ አንዳንድ ሰዎች «ዕድርና ጠጉር ምን አገናኛቸው? ዕድሩ ጠጉር ቤት ከፈተ እንዴ?» ብለው መሣቃቸውን ሰምቻለሁ። መሣቁስ ባልከፋ። ዘንድሮ ግን በዚሁ ነገር ከመካከላችን ሁለት ቤተ ሰቦች ተቀይመዋል። የአንደኛዋ እናት የ8 ዓመት ልጅ «ጠጉርህን ካልተቆረጥህ አትገባም» ተብሎ ከትምህርት ቤት በር ተመልሶ 9 ቀን ሙሉ ቤት ውሏል። ሁለተኛው ነገር የተፈጠረው እዚሁ እኛው ድንኳን ውስጥ ነው። ለቅሶ ቤት ወንበር ሊደረድር የመጣን ጎረምሳ አንድ አባት «በዚህ ጠጉርህ ሰው ሐዘን ላይ አትቁም» ብለው መለሱት። የልጁ አባት ከዚያን ቀን ወዲህ መዋጮውን በሰው እጅ ይልካል እንጂ ራሱ አይመጣም። ዛሬም አልመጣም።

እንግዲህ ዕድርና ጠጉር የተገናኙት በዚህ ነው።

እኔ እንደምታውቁኝ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በጤና ረዳትነት የሠራሁ ሰው ነኝ። ብዙ የልጅ ራስ አይቻለሁ። ስለዚህ ንግግሬ የሚያዘነብለው ወደ ጤናው ነው። ነገር ግን ክርክሩን ያነሡት ሰዎች «ወንድ ልጅ ጠጉር ማሳደግ ከፈረንጅ የመጣ ነው፤ ያባቶቻችን ወግ አይደለም» ስለሚሉ፣ አስቀድሞ ስለ ወጉ መናገር ግድ ሆነብኝ።

ከመካከላችን በገጠር ያደገ ሰው ቁንጮን አያጣውም። የልጁ ራስ በምላጭ ይላጭና መካከሉ ላይ ጥቂት ጠጉር ይቀራል። ለምን ተባለው ሲባል፣ አንዱ «እርግብግቢቱን ይሸፍንለታል» ይላል፤ ሌላው «ልጁ ቢሞት መልአክ በቁንጮው ይዞ ወደ ሰማይ እንዲያወጣው ነው» ይላል። ሕፃን ቶሎ ቶሎ በሚሞትበት ዘመን ለኖረች እናት ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ልጅ እየሞተባት የተቸገረች እናት ደግሞ «ይህን ያደግህልኝ እንደሆነ ይህን ያህል ዓመት ራሱን ምላጭ አይነካውም» ብላ ትሳላለች። የስለት ጠጉር የምንለው ይህ ነው። ያ ልጅ ጠጉሩ ወገቡ ቢደርስ እንኳ «ሴት መሰልህ» የሚለው ጎረቤት አልነበረም፤ ስለት መሆኑን ሁሉም ያውቃልና።

ወደ ደቡብ ብንወርድ ደግሞ የቦረና ኦሮሞ ወንድሞቻችንን እናገኛለን። በገዳ ሥርዓት የመጀመሪያው ደረጃ ደባሌ ይባላል። በዚህ ደረጃ ያሉ ወንዶች ልጆች 8 ዓመት እስኪሆናቸው ድረስ ጠጉራቸው አይቆረጥም፤ እንደ ሴት ልጅ ተጎንጉኖ ይታያል። ይህ ለነውር አይቆጠርም፤ እንዲያውም ልጆቹ በሕዝቡና በፈጣሪ መካከል እንዳሉ ይቆጠራሉ፤ እናቶቻቸውም ምርቃት ይጠየቃሉ። ጠጉሩ የሚላጨው ወደሚቀጥለው ደረጃ ወደ ጋሜ ሲሻገሩ በሥነ ሥርዓት ነው። አፋሩ በቅቤ የራሰ ጎፈሬውን፣ ከረዩው ጉንፉራውን ይዞ ይኖራል። ይህ ሁሉ ከፈረንጅ የመጣ ነው ማለት እንዴት ይቻላል?

ዐፄ ቴዎድሮስንስ ያለ ሹሩባ ሥሏቸው የሚያውቅ አለ? መቅደላ ላይ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሲሞቱ ከራሳቸው የተቆረጠው ጉንጉን ጠጉር ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ ኖረ። ለንደን ካለው የጦር ሠራዊት ሙዚየም ወደ አገሩ የተመለሰው በመጋቢት ወር 2011 ዓ.ም. ነው። አንድ አገር የንጉሡን ጠጉር ለማስመለስ መንግሥት ልኮ ሲጠይቅ፣ ያ ጠጉር የወንድ ልጅ ረጅም ጠጉር እንደ ነበረ አንርሳ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በዱር በገደል የተዋጉት አርበኞችም ጎፈሬያቸውን አሳድገው ነው ወደ ከተማ የገቡት። የዚያ ዘመን ፎቶግራፍ ሞልቷል፤ ከአያታችሁ ሣጥን ውስጥ ፈልጉ።

ታዲያ «ወንድ ልጅ አጭር ጠጉር» የሚለው ወግ ከየት መጣ? እንደ እኔ አስተያየት ከሦስት ቦታ ነው፤ ከጦር ሠፈር፣ ከትምህርት ቤትና ከሆስፒታል። ወታደር ይላጫል፤ አዳሪ ተማሪም እንደ ወታደር ይላጭ ነበር፤ በሽተኛ ሲገባም ቅማል እንዳያመጣ ይላጭ ነበር። ከዚያ ወዲህ አጭር ጠጉር የሥልጣኔና የንጽሕና ምልክት ሆነ። እነዚህ ምክንያቶች በጊዜያቸው መሠረት ነበራቸው፤ አላጣጥላቸውም። ነገር ግን ምክንያቱ ሲሄድ ደንቡ ብቻ ቀርቷል፤ ጠባቂውም ለምን እንደሚጠብቅ ረስቶታል።

አሁን ወደ ሙያዬ ልግባ። «ረጅም ጠጉር ቅማል ያፈራል፣ ቅማል ደግሞ ተስቦ ያመጣል» የሚለው አነጋገር በብዙ ቤት አለ። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ተደባልቋል። ተስቦንና ግርሻን የምታስተላልፈው ቅማል የልብስ ቅማል ናት። የምትኖረውና ቅጫሟን የምትጥለው በልብስ ስፌት ውስጥ ነው፤ ወደ ሰውነት የምትመጣው ደም ልትመጥ ብቻ ነው። ልብስ ቀይሮ በፈላ ውኃ መቀቀል እንጂ ራስ መላጨት እሷን አያጠፋትም። የራስ ቅማል ሌላ ናት። ታሳክካለች፣ ታሳፍራለች፣ እንቅልፍ ትነሣለች፤ ተስቦ ግን አታመጣም። የምትተላለፈውም ልጆች ሲጫወቱ ራስ ለራስ ሲነካካ ነው፤ የታጠበውንም ያልታጠበውንም ራስ አትመርጥም። ስለዚህ «ቅማላም» ብሎ ልጅን መስደብ ግፍ ነው፤ በንጹሕ ቤትም ትገባለችና።

የሚገርመው ነገር፣ እኔ በሥራዬ ዘመን ብዙ ያየሁት የራስ በሽታ ከረጅም ጠጉር ይልቅ በተላጨ ራስ ላይ ነበር። እሱም ቆረቆር ነው። እናቶች ያውቁታል፤ ክብ ክብ እየሆነ ጠጉሩን ይነቅላል፣ ይፈረፈራል፣ አንዳንዴም ያብጣል። ይህ የፈንገስ በሽታ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚይዘው ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን ነው። እንዴት ይጋባል? በማበጠሪያ፣ በቆብ፣ በምላጭና በቶንዶስ። አንድ ጠጉር አስተካካይ በአንድ ቅዳሜ 20 ልጅ በአንድ ቶንዶስ ቢላጭና ማሽኑን በየመካከሉ ካላጸዳው፣ የአንዱን ቆረቆር ለብዙዎች ማከፋፈሉ ነው። እንግዲህ «ለንጽሕና ተላጭ» ተብሎ የተላከ ልጅ ንጹሕ ሆኖ ሄዶ በሽታ ይዞ ሊመለስ ይችላል ማለት ነው።

ቆረቆር መላጨት ብቻውን አያድነውም። ከላይ የሚቀባ ቅባትም ብቻውን አያድነውም፤ በሽታው ከጠጉሩ ሥር ስላለ ቅባቱ አይደርስበትም። በሐኪም ትእዛዝ የሚዋጥ መድኃኒት አለ። ግሪሴዮፉልቪን የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይወሰዳል፤ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲዋጥ ይበልጥ ይሠራል። ብዙ እናቶች ግን ልጁ በሁለተኛው ሳምንት ሲሻለው ያቆሙታል። ከዚያ በኋላ ይመለስና «መድኃኒቱ አይረባም» ይባላል። ኧረ መድኃኒቱ ምን ያድርግ!

ምላጭን በሚመለከት ብዙ መናገር አያስፈልገኝም። በአገራችን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን በ1978 ዓ.ም. ከታወቁ ወዲህ፣ «የራስህን ምላጭ ይዘህ ሂድ» የሚለው ምክር በየቤቱ ገብቷል። ለልጅ ሲሆን ግን ቸል ይባላል። ቸል አይባል።

ይህን ስል ጠጉር ማሳደግን መስበኬ አይደለም። እንዲያውም እንደ እኔ ፈቃድ ቢሆን ያጠረ ጠጉር ደስ ይለኛል፤ ለእናትም ይቀላታል። ረጅም ጠጉር ሥራ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ መታጠብ፣ በሚዶ መፈታት፣ ሹሩባ ከሆነም አልፎ አልፎ ፈትቶ ማሳረፍ ይፈልጋል። ሹሩባ ጥብቅ ብሎ ሲሠራ የግንባርን ጠጉር ሥር ይነቅላል፤ ልጁ «አመመኝ» ሲል «ወንድ አይደለህ?» ማለት አይገባም። ጠጉሩን ያሳደገ ቤት እንክብካቤውንም አብሮ ይቻል።

ሌላም አለ። ልጁን ራሱን የጠየቀው ማነው? አንዳንድ አባት የልጁን ጎፈሬ በስልክ ፎቶ እያነሣ ለወዳጅ ዘመድ ያሳያል፤ ልጁ ግን ጓደኞቹ «ሚሚ» እያሉ ስለሚያበሽቁት መቆረጥ ይፈልጋል። ሌላው ልጅ ደግሞ ማሳደግ ይፈልጋል፣ አባት ያስገድደዋል። ስለት ከሆነ እናትየው የተሳለችውን ለልጁ በሚገባው ቃል ትንገረው። ምክንያቱን ያወቀ ልጅ ለሚስቁበት ልጆች መልስ አያጣም።

በሃይማኖት በኩል የሚነሣውንም ልንካው። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በአንደኛው መልእክት፣ በምዕራፍ 11፣ ወንድ ጠጉሩን ቢያስረዝም ነውር ነው ማለቱን የሚጠቅሱ አሉ፤ እውነት ነው፣ ተጽፏል። ነገር ግን ሐናም ለሳሙኤል ምላጭ ራሱን እንዳይነካው ተስላለች፤ ሶምሶንም ናዝራዊ ነበር። የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ሥዕል በስንቱ ቤት ግድግዳ ላይ አለ? ገላቸውን የሸፈነው ጠጉራቸው አይደለምን? ሙስሊም ወንድሞቻችን ደግሞ ሕፃኑ በተወለደ በ7ኛው ቀን ራሱን ላጭተው በጠጉሩ ክብደት ልክ ብር ይመጸውታሉ፤ ከፊሉን ላጭቶ ከፊሉን መተውን ግን ሃይማኖታቸው ይከለክላል፤ ስለዚህ ቁንጮ የእነሱ ወግ አይደለም። በአንድ ድንኳን የምንቀመጥ ሰዎች ጠጉርን በተመለከተ አንድ ሕግ የለንም፤ ኖሮንም አያውቅም።

ስለ ሐዘንስ ብንነጋገር? ዱሮ ሰው ሲሞት ጠጉሩን የሚላጭ ነበር፤ ጢሙን ሳይነካ 40 ቀን የሚቆይም አለ። አንዱ በመላጨት፣ አንዱ በማሳደግ ሐዘኑን ገልጧል። ታዲያ ወንበር ሊደረድር በመጣው ልጅ ራስ ላይ ያለው ጠጉር ሟቹን የሚያቃልለው በምን በኩል ነው? ያ ልጅ በዚያ ሌሊት ዝናብ እየመታው የድንኳኑን ካስማ ሲተክል ማንም ጠጉሩን አላየም፤ የታየው ሲነጋ ነው።

በዚህ አዳራሽ የተቀመጣችሁ የእኔ እኩዮችም በ1960ዎቹ ዓመታት አፍሮ አሳድጋችሁ፣ ሚዶ በኋላ ኪሳችሁ ሰክታችሁ፣ ሱሪያችሁ መሬት እየጠረገ ስትሄዱ አይቻለሁ። ያን ጊዜ አባቶቻችን «ዱርዬ ሆኑ» ብለው አዝነው ነበር። ከእነዚያ ዱርዬዎች መካከል ዛሬ የዕድራችን ሹም የሆነም አለ፤ ስም አልጠራም። (ሣቅ)

ከአሜሪካ ለክረምት የሚመጡ የልጅ ልጆቻችንም ሹሩባና ድሬድ ይዘው ይመጣሉ። እዚያም አገር ቢሆን ጥቁር ልጆች በጠጉራቸው ምክንያት ከክፍል ይባረሩ ነበር፤ የካሊፎርንያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2019 ይህን የሚከለክል ሕግ አወጣ፤ ሌሎችም ግዛቶች ተከተሉ። ለእንግዳው ልጅ «እንዴት ያምራል» እያልን እዚሁ የተወለደውን «ተቆረጥ» ማለታችን ለእኔ አይገባኝም።

አሁን ለስብሰባው የማቀርበው አሳብ ይህ ነው። አንደኛ፣ በዕድራችን መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ ስለ አለባበስና ስለ ጠጉር አንቀጽ ይግባ የሚለው ጥያቄ ውድቅ ይደረግ። ሁለተኛ፣ ከትምህርት ቤት የተመለሰውን ልጅ ጉዳይ እናቱ ብቻዋን አትሸከመው። ትምህርት ቤት ደንብ ማውጣት መብቱ ነው፤ ነገር ግን 9 ቀን ትምህርት ከማስቀረት በፊት ወላጅን ጠርቶ ምክንያቱን መጠየቅ ነበረበት። ከእኛ ሁለት ሽማግሌዎችና አንዲት እናት አብረዋት ይሂዱ፤ ስለቱ የሚፈጸመው ለሚመጣው ጥምቀት ስለ ሆነ እስከዚያ እንዲታገሡት ይለምኑ፤ ጠጉሩም በሥርዓት ተጎንጉኖ ይግባ። ሦስተኛ፣ ቀርቶ ወዳለው አባወራ ቤት ዛሬውኑ ከስብሰባው በኋላ ሰው ይላክ። ልጁን የመለሱት አባት ራሳቸው ቢሄዱ ይበልጥ ደስ ይለኛል፤ እዚህ አሉ፣ ሰምተውኛል፣ ቅር እንደማይሰኙብኝም አውቃለሁ።

የሚመጣው እሑድ ከ4 ሰዓት ጀምሮ በዕድሩ መጋዘን በር ላይ ልጆቻችሁን አምጡ፤ የተላጨውንም ያደገውንም ራስ አያለሁ። ቆረቆር ያለበትን ወደ ጤና ጣቢያ እልካለሁ። ቅማል ያለበትን ጠጉሩን አርጥቦ በጥቅጥቅ ማበጠሪያ ማበጠርን ለእናቶች አሳያለሁ፤ ቅጫሙ ከሳምንት እስከ 10 ቀን ውስጥ ስለሚፈለፈል ያን ጊዜ እንደገና መደገም አለበት። ገንዘብ አይከፈልበትም። ማበጠሪያ ግን እያንዳንዱ ቤት የራሱን ይዞ ይምጣ፤ ከጎረቤት መበደር የለም።