ድርቅ፥ ከብትና ቤተ ሰብ
በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል ለካህናትና ለምእመናን የተነገረ ንግግር



ኢዮቤልዩ በኦሪት ዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ የተሠራ ሥርዓት ስም ነው። በዚያ ሥርዓት ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት ከተቈጠረ በኋላ በ50ኛው ዓመት መለከት ይነፋል፤ በድኽነት ምክንያት ርስቱን የሸጠ ሰው ወደ ርስቱ፥ ራሱን ለሌላ የሸጠም ወደ ወገኖቹ ይመለሳል። እንግዲህ ኢዮቤልዩ የዝማሬና የደስታ በዓል ብቻ አይደለም፤ የወደቀ ቤት የሚነሣበት ጊዜ ነው። ነገር ግን ቤት እንዴት እንደሚነሣ ለማወቅ የሚወድ ሰው አስቀድሞ እንዴት እንደሚወድቅ ሊመረምር ይገባዋል። ስለዚህ በዛሬው በዓል በድርቅ ዘመን ከብት አርቢ ቤተ ሰብ የሚደርስበት መከራ ይነገራል።

ይህ ነገር ለጉለሌ ሰው እንግዳ አይደለም። ጉለሌ ዛሬ መንገድና ቤት የሞላበት የአዲስ አበባ ክፍል ቢሆንም፥ ስሙን ያገኘው በእንጦጦ ግርጌ ከብት እያረቡ ይኖሩ ከነበሩት ከቱለማ ኦሮሞ ወገን ከጉለሌዎች ነው። ዛሬም ቢሆን ከተማው ላምን ፈጽሞ አልተወም። በጓሮው አንድ ሁለት ላም አስሮ፥ ከሱሉልታ የሚመጣውን ድርቆሽ ከፉርሽካና ከፋጉሎ ጋራ እየገዛ፥ ወተቱንም ለጎረቤት እየሸጠ ልጆቹን የሚያሳድግ ቤተ ሰብ በከተማው ውስጥ አለ። ዝናም በቀረበት ዓመት ሣሩ ያጥራል፤ የድርቆሹም ዋጋ ይወጣል። ስለዚህ በሜዳ ያለው ድርቅ በከተማ ጓሮ ያለችውንም ላም ያገኛታል።

ድርቅ ወደ ቤት የሚገባው በአንድ ሌሊት አይደለም። አስቀድሞ ሣሩ ያልቃል፤ ቀጥሎ ውሃው ይርቃል። እረኛው ልጅ በማለዳ አውጥቶ በጊዜ ይመልሰው የነበረውን ከብት እየተከተለ ሩቅ ይሄዳል፤ ትምህርቱም ይቀራል። ላሚቱ ወተቷን ትቀንሳለች። በዚያን ጊዜ በእናቲቱ ፊት ከባድ ፍርድ ይቆማል፤ የቀረውን ጥቂት ወተት ለልጅዋ ትስጠው ወይስ ለጥጃው ትተውለት? ለጥጃው ብትተውለት ልጅዋ ይከሳል። ለልጅዋ ብትሰጠው ጥጃው ይሞታል፤ ብዙዎቹ የሀገራችን ላሞች ደግሞ ጥጃቸው ካልቀረባቸው አይታለቡምና፥ ጥጃው ሲሞት ወተቱም ይነጥፋል። እንዲህ ያለውን ፍርድ የምትፈርድ ሴት ምስክር የላትም፤ ይግባኝ የምትልበትም ዳኛ የለም።

በአባትየውም ፊት ሌላ ፍርድ አለ። እኽል ለመግዛት ከብት መሸጥ አለበት፤ ግን የትኛውን? አስቀድሞ ፍየሉንና ወይፈኑን፥ ቀጥሎ የሚያርስበትን በሬ፥ በመጨረሻም ላሚቱን ይሸጣል። ነገር ግን በድርቅ ዘመን ሁሉም ሻጭ ስለሚሆን የከብት ዋጋ ይወድቃል፤ ሁሉም ሸማች ስለሚሆን የእኽል ዋጋ ይወጣል። ቀድሞ ለብዙ ወር የሚበቃ እኽል የሚያስገዛ ወይፈን በዚያን ጊዜ ለጥቂት ሳምንት እንኳ አይበቃም። የከሳ ከብት ደግሞ ገዢም የለው። ስለዚህ ባለቤቱ በየገበያው ቀን ብዙ እየሰጠ ጥቂት ይዞ ይመለሳል።

እንግዲህ ቤቱ የሚወድቀው ዝናም በቀረ ቀን አይደለም፤ የመጨረሻይቱ ላም ከበረት በወጣች ቀን ነው። ዝናም የአንድ ወቅት ነገር ነው፤ ላም ግን የብዙ ዓመት ነገር ናት። የሀገር ጥጃ አድጋ ጊደር ሆና እስክትወልድ ድረስ አራት ዓመት ያህል ይፈጃል። ድርቁ ካለፈ በኋላም በዚያ ቤት ወተት የለም፥ ቅቤ የለም፥ ለማገዶ የሚሆን ኩበት እንኳ የለም። ምድሩ ለምልሞ ሳለ ቤቱ ባዶ ይሆናል።

ለዚህ ነገር ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር አባቶች ክፉ ቀን ብለው የሰየሙት ዘመን ነው። በ1880 ዓ. ም. ገደማ በምጽዋ በኩል ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ ገባ፤ የኢጣልያ ጦር ከውጭ ሀገር ባስመጣው ከብት እንደ መጣ ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ስሙ ደስታ፥ ሥራው ግን ኀዘን ነበረ። በሽታው ከሰሜን እስከ ደቡብ ሀገሩን አዳረሰ፤ ከመቶው ከብት 90 ያህሉ እንዳለቀ የሚገምቱ አሉ። በዚያው ዓመት ዝናሙ ቀረ፤ አንበጣና ተምችም የተረፈውን አዝመራ በላው። ከረኃቡም ጋራ ተስቦ፥ ፈንጣጣና ኮሌራ ተከተሉ። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ. ም. በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዘውድ ሲጭኑ ሕዝቡ በዚህ መከራ ውስጥ ነበረ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። ከመጀመሪያው ድርቅ በኋላ ዝናም ሲመለስ ረኃቡ አልተመለሰም፤ እስከ 1884 ዓ. ም. ድረስ ቈየ። ምክንያቱም ምድሩ ቢረጥብ የሚያርሰው በሬ አልነበረም፤ ዘሩም ተበልቶ ነበር። ስለዚህ ንጉሠ ነገሥቱ ዶማ አንሥተው በገዛ እጃቸው ቈፈሩ፤ መኳንንቱና ወታደሩም ይህን አይተው በዶማና በመቈፈሪያ እንዲያርሱ አደረጉ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስም ስለ ዳግማዊ ምኒልክ በጻፉት መጽሐፍ ስለዚህ ዘመን ተርከዋል። የንጉሥ እጅ ዶማ መያዙ ለሕዝቡ ታላቅ ማጽናኛ ነበረ። ይሁን እንጂ የሰው ክንድ የበሬን ጫንቃ ሊተካ አይችልምና፥ በዶማ የሚቈፈረው መሬት በሞፈርና በቀንበር ከሚታረሰው እጅግ ያነሰ ሆነ። በዚያን ጊዜ ብዙ ቤተ ሰብ ተበተነ፤ ባል ወደ አንድ፥ ሚስት ወደ ሌላ አገር ሄዱ፤ ራሳቸውንና ልጆቻቸውን ለባርነት የሰጡም ነበሩ። ኦሪት በኢዮቤልዩ ዓመት ይፈታል ያለው ማሰሪያ ይህ ነበረ።

ሌላም ነገር አለ፥ እርሱም ሳይሸፈን መነገር ይገባዋል። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት በየዘመቻው ከደቡብ የተማረከ ብዙ ከብት ወደ ሸዋ ተነዳ። በአንዱ አገር ባዶ የነበረው በረት ሲሞላ፥ በሌላው አገር ሞልቶ የነበረው በረት ባዶ ሆነ። በምርኮ የቆመ ቤት ሌላ ቤት አፍርሶ የቆመ ነው፤ ይህም የኢዮቤልዩ ሥርዓት አይደለም።

ያ የከብት በሽታ ዛሬ ከምድር ጠፍቷል። ዋልተር ፕላውራይት የተባለ እንግሊዛዊ የእንስሳት ሐኪም በኬንያ ሆኖ ከብትን ከበሽታው የሚጠብቅ ክትባት አገኘ። በኋላም ሙቀት የሚችል ክትባት ተዘጋጅቶ፥ በአፋር በረሃ ከከብት አርቢዎቹ መካከል የተመረጡ ሰዎች ሠልጥነው የወገኖቻቸውን ከብት ከተቡ። በ2003 ዓ. ም. የዓለም መንግሥታት በሽታው ፈጽሞ መጥፋቱን ዐወጁ፤ ከፈንጣጣ ቀጥሎ የሰው ልጅ ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ይህ ነው። ደስታ ጠፋ፤ ድርቅ ግን አልጠፋም።

ይህም በቅርቡ በቦረና ታይቷል። በቦረና ሁለት የዝናም ወራት አሉ፤ ከመጋቢት ጀምሮ የሚዘንበው ገና፥ ከመስከረም በኋላ የሚዘንበውም ሐጋያ ይባላል። ከ2013 ዓ. ም. ሐጋያ ጀምሮ እስከ 2015 ዓ. ም. ሐጋያ ድረስ አምስት ወቅት በተከታታይ ዝናሙ ከዳ፤ በቦረናና በአጎራባች አገሮች የሞተው ከብት በሚሊዮን የሚቈጠር ሆነ። የቦረና ሰዎች ግን ያለ ብልሃት የሚኖሩ አይደሉም። ከብቱን በሁለት ይከፍሉታል፤ የሚታለቡት ወራ ተብለው ከእናቶችና ከሕፃናት ጋራ በሠፈር ይቀራሉ፤ የማይታለቡት ፎራ ተብለው ከጎልማሶች ጋራ ሩቅ ይሄዳሉ። ለጥጆችም ካሎ የሚባል ሣር አጥረው ያስቀምጣሉ። ድርቁ ሲጸና አባትና ወንድም በፎራ ለብዙ ጊዜ ይለያሉ፤ እናት ደግሞ ከሩቅ ሣር አጭዳ በጀርባዋ ታመጣለች፤ በማለዳም ጎረቤት ተሰብስቦ መነሣት ያቃታትን ላም ደግፎ ያቆማታል።

ከሁሉም ይልቅ ቡሳ ጎኖፋ የሚባል ሥርዓት አላቸው። ከብቱ ያለቀበት ሰው ወደ ወገኖቹ ቀርቦ ጉዳቱን ያስረዳል፤ ወገኖቹም እንደየአቅማቸው ከብት አዋጥተው እንደገና ቤት ያቆሙለታል። ይህ ሥርዓት አንድ እውነት ያስተምራል፤ ከብት የሞተበት ሰው የሚሻው የዕለት እንጀራ ብቻ አይደለም፥ ነገ ራሱን የሚያበላበትን ነገር ነው። ነገር ግን በአምስቱ ወቅት ድርቅ ሰጪውም ተቀባይም እኩል ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ጎረቤት ሁሉ አንድ ላይ በወደቀ ጊዜ የሚያነሣው ሰው ከሩቅ መምጣት አለበት። ሩቅ ያለው ወገን ማን ነው ቢባል፥ ዝናም የዘነበለት ሁሉ ነው።

ቅዱሳት መጻሕፍት ይህን ነገር አልዘነጉም። በነቢዩ ኤልያስ ዘመን ሰማይ በተዘጋ ጊዜ፥ ንጉሡ አክዓብና የቤቱ አዛዥ አብድዩ ፈረሶቹና በቅሎዎቹ እንዳያልቁ ሣር ለመፈለግ ምድሩን ተካፍለው እንደ ወጡ በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ በ18ኛው ምዕራፍ ተጽፏል። አክዓብ ክፉ ንጉሥ ነበረ፤ ነገር ግን እርሱ እንኳ እንስሳ ከሞተ በኋላ ሣር መፈለግ ከንቱ መሆኑን ያውቅ ነበር። ዮሴፍም በግብጽ እኽሉን ያከማቸው በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት እንጂ ረኃቡ ከገባ በኋላ አይደለም። ቤተ ክርስቲያንም በቅዳሴዋ ስለ ዝናምና ስለ ምድር ፍሬ ትለምናለች፤ በድርቅም ጊዜ ምሕላ ታውጃለች። ምሕላው ልብን ወደ እግዚአብሔር ይመልሳል፤ ወደ እግዚአብሔር የተመለሰ ልብ ደግሞ ወደ ጎረቤቱ በረት ሳይመለከት ሊቀር አይችልም።

ስለዚህ ርዳታ ሦስት ጊዜ እንዳለው ይታወቅ። የመጀመሪያው ላሚቱ ሳትወድቅ ነው፤ በዚያን ጊዜ አንድ እስር ድርቆሽ አንድ ቤት ሊያድን ይችላል። በዚሁ ጊዜ ከብት በደኅና ዋጋ የሚገዛ ሰው ቢገኝም ታላቅ ርዳታ ነው፤ በ1998 ዓ. ም. ድርቅ በሞያሌ አካባቢ ነጋዴዎች መጥተው ከብት በገዙ ጊዜ፥ አርቢዎቹ ባገኙት ገንዘብ እኽልና የቀሩትን ከብቶች መኖ ገዝተውበታል። ሁለተኛው ጊዜ በረኃቡ መካከል ነው፤ ያን ጊዜ ለሰው እንጀራ መስጠት ግዴታ ነው። ሦስተኛው ዝናም ከተመለሰ በኋላ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ሜዳው መለምለሙን አይቶ መከራው አለፈ ብሎ እጁን የሚሰበስበው በዚህ ጊዜ ነው። በክፉ ቀን ሕዝቡን ለብዙ ዓመት ያስጨነቀው በሬ ማጣት የሚያስተምረው ግን በዚህ ሦስተኛ ጊዜ እጅን መዘርጋት እንዲገባ ነው።

ለዚህም ሥራ የሚሆን መሣሪያ በአጥቢያው አለ። ሰንበቴው አለ፥ የጽዋ ማኅበሩ አለ፥ እድሩም አለ። እድር ሰው ሲሞት ድንኳን ይዞ ይደርሳል፤ ይህም መልካም ነው። ነገር ግን የአንዲት ባልቴት ብቸኛ ላም ልትሸጥ ስትል ቀድሞ ቢደርስ፥ ዛሬ በአንድ ጊደር የሚረዳው ቤት ነገ ከአዋጪዎቹ አንዱ ይሆናል። ችግረኛ የሆነ ጨዋ ሰው ችግሩን በአደባባይ አይናገርም፤ ወተት መሸጥ ሲያቆም ብቻ ይታወቃል። ስለዚህ የንስሐ አባት ልጆቹን ሊጠይቅ በየቤቱ ሲገባ ጓዳውን ብቻ ሳይሆን በረቱንም ይመልከት፤ ከትምህርት የቀረውንም ልጅ ስለ ምን እንደ ቀረ ይጠይቅ።

የዚህ ቤተ ክርስቲያን ኢዮቤልዩ በመብራትና በዝማሬ ተከብሯል። ኦሪት የደነገገችው ኢዮቤልዩ ግን በአንድ ድኻ በረት ውስጥ ጥጃ እንደገና ሲጮኽ ይፈጸማል። ዝናምን መስጠት የእግዚአብሔር ሥራ ነው፤ ዝናም የተመለሰለት ሰው ላሙም እንድትመለስለት ማድረግ ግን ለሰው የተተወ ሥራ ነው።