የሚመሳሰሉ ቢራቢሮዎችን እንዴት እንለያለን?



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ቢራቢሮ ነው። «ቢራቢሮ ደግሞ ምን ያደርግልናል?» እንዳትሉን። እንክርዳድ በቡቃያነቱ ስንዴ መስሎ ከአራሚ እጅ እንደሚያመልጥ እናውቃለን። ተፈጭቶ ሲበላ ግን ራስ ያዞራል። ከቢራቢሮም እንዲሁ ሌላውን መስሎ የሚያመልጥ አለ።

በአገራችን አንድ ብርቱካንማ ቢራቢሮ አለ። የፊት ክንፉ ጫፍ ጥቁር ነው፤ በጥቁሩ ላይ ነጭ ጣል ጣል ብሎበታል። ትሉ የሚያድገው ነጭ ወተት የሚያፈሱ ተክሎችን እየበላ ነው። በቆላ የሚበቅለው ጦቢያው ወይም ቅምቦ አንዱ ነው። በወተቱ ውስጥ ልብን የሚጎዳ መርዝ አለ። ትሉ ብዙውን ጊዜ መርዙን በሰውነቱ ያከማቻል፤ ቢራቢሮ ሲሆንም አብሮት ይኖራል። እሱን የዋጠ ወፍ ያስመልሰዋል። ከዚያ ወዲያ ያንን ቀለም ሲያይ ይሸሻል። ለዚህ ነው ይህ ቢራቢሮ የማይቸኩለው፤ ዝግ ብሎ ይበራል።

ሁለተኛው ቢራቢሮ መርዝ የለውም። ነገር ግን ሴቲቱ ቁርጥ መርዘኛውን ትመስላለች። ወፉም ያ የቀመሰው መስሎት ይተዋታል። ወንዱ ግን ሌላ ነው፤ ጥቁር ሆኖ በየጎኑ ሦስት ትልልቅ ነጭ ምልክት አለው።

ታዲያ ሴቲቱን ከመርዘኛው በምን እንለያት? ክንፋቸውን ዘርግተው ሲያርፉ የኋላ ክንፋቸውን እንይ። መርዘኛው በክንፉ መካከል ሦስት ወይም አራት ትንንሽ ጥቁር ነጠብጣብ አለው። አስመሳይዋ ያላት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ወደ ላይኛው ጠርዝ የተጠጋ ነው። ቀለም ያሳስታል፤ ቆጥሮ ያየ ግን ይለያል።

ሄንሪ ቤትስ የሚባል እንግሊዛዊ በአማዞን ጫካ 11 ዓመት ቢራቢሮ ሲሰበስብ ኖሮ ይህን የመምሰል ነገር በ1862 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ ገለጸ። አስመሳዮቹ ከመርዘኞቹ በጣም ከበዙ ግን ዘዴው ይከሽፋል። ወፉ ደጋግሞ የሚጣፍጥ ካገኘ መፍራቱን ይተዋል።

አንድ ነገር አደራ እንበላችሁ። የጦቢያው ወተት ዓይን ይጎዳል። ልጆቻችን ትሉን ወይም ቢራቢሮውን ፍለጋ ሄደው ቅጠሉን እንዳይቆርጡ፣ በነኩበትም እጅ ዓይናቸውን እንዳያሹ እንንገራቸው።

ጥያቄ፦
1. ወፉ አስመሳይዋን ለምን አይበላትም?
2. በመንደራችሁ ሌላውን መስሎ የሚያታልል ምን ተክል ወይም ነፍሳት አለ? በምንስ ትለዩታላችሁ?