የጣና ጀልባና የደሴቶቹ ሰዎች

(ለብቸናና ለሞጣ አካባቢ አድማጮች የተሰጠ የሬዲዮ ንግግር ጽሑፍ)

በብቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ የምትገኙ እናቶች፣ አባቶች፣ እኅቶችና ወንድሞች፣ አድምጡን። ይህን ጽሑፍ በእጃችሁ የያዛችሁ አዲስ አንባቢዎችም በጣታችሁ እየመራችሁ ተከተሉን።

የዛሬው ንግግራችን ስለ ጣና ሐይቅ ነው። «ጣናን ከኛ ጋር ምን አገናኘው?» ትሉ ይሆናል። ይገናኛል እንጂ! ጎጃምን እንደ መቀነት የሚዞረው አባይ የሚወጣው ከጣና ነው። በሞጣ በኩል በሰባራ ድልድይ ሥር የሚያልፈው ውሃ ከዚያው የመጣ ነው። ከብቸና ተነስቶ በሞጣና በአዴት አድርጎ ባሕር ዳር የገባ መንገደኛም ጣናን ፊት ለፊት ያገኘዋል።

ጣና የደጋ ሐይቅ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በውስጡ 37 ያህል ደሴቶች አሉ። ደሴት ማለት ዙሪያውን በውሃ የተከበበ መሬት ነው።

ከደሴቶቹ ትልቁ ደቅ ነው። በደቅ ላይ እንደናንተው የሚያርሱ ገበሬዎች ይኖራሉ። በ18ኛው መቶ ዓመት እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት የናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያንም እዚያው ነው። በአቅራቢያው ባለው በዳጋ እስጢፋኖስ ደግሞ የእነ አፄ ዘርዓ ያዕቆብና የእነ አፄ ፋሲል አፅም ተጠብቆ ይገኛል። ዘጌ ደሴት ሳይሆን ወደ ሐይቁ የገባ ምድር ነው። በዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስ በቆየ ልማድ የተከለከለ ስለሆነ ሕዝቡ የኖረው በቡናና በጌሾ ነው። ጫካው እስከ ዛሬ የተረፈውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በሐይቁ ዳር ደግሞ ወይጦዎች አሉ። ደንገል ቆርጠው፣ አድርቀው፣ አስረው ታንኳ ይሠራሉ። የደንገል ታንኳ ውሃ ስለሚጠጣ በየጊዜው ፀሐይ ላይ መድረቅ አለበት። እንዲያም ሆኖ ዕድሜው የወራት ነው።

እነዚህን ቦታዎች ለማየት አገር ጎብኚዎች ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ ይሄዳሉ። አስጎብኚ አብሯቸው ይሳፈራል። ክፍያው ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው የጀልባ ኪራይ ነው። ሁለተኛው የአስጎብኚው አበል ነው። ሦስተኛው የቤተ ክርስቲያኑ መግቢያ ነው። የጀልባ ኪራይ ሲጋሩት ይቀላል። የጀልባው ኪራይ 1,000 ብር ነው እንበል። አምስት ሰዎች ቢጋሩት የእያንዳንዱ ድርሻ ስንት ነው? 200 ብር ነው።

ጥሩ አስጎብኚ ሳይነሱ የሚናገረው ነገር አለ። አንዳንዶቹ ገዳማት፣ ለምሳሌ ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል፣ ሴት አያስገቡም። ይህን ደሴቱ ከደረሱ በኋላ መስማት ያስቀይማል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሳም ማለዳ መነሣት ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ጀልባው የከተማ ሰው ነው። አስጎብኚውም የከተማ ሰው ነው። ታዲያ እንግዳው ሊያየው የመጣው የደሴቱ ሰው ምን ያገኛል? መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ ቡና ወይም ትንሽ የደንገል ታንኳ ይሸጣል። እንግዳው ካልገዛው ፎቶግራፍ ተነሥቶ ይቀራል።

በዚህ ነገር የሌላ አገር ሰዎች ምን እንደ ደረሰባቸው እንስማ። በ1961 ዓ.ም. ቶር ሄየርዳል የተባለ የኖርዌይ ሰው ከጣና ደንገል አስቆርጦ ግብጽ ላይ ትልቅ ታንኳ አሠራ። በዚያ ታንኳ አትላንቲክን ሊሻገር ሞከረ፤ ሳይደርስ ፈረሰበት። በ1962 ዓ.ም. ግን ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ ባለሙያዎች ሌላ ሠሩለትና ተሻገረ። ቲቲካካ በደቡብ አሜሪካ በፔሩና በቦሊቪያ መካከል ያለ የደጋ ሐይቅ ነው። እዚያም የሣር ታንኳ አለ፤ ደሴት አለ፤ አገር ጎብኚም ይመጣል።

በዚያ ሐይቅ ታኪሌ የምትባል ደሴት አለች። በ1970ዎቹ ዓ.ም. የታኪሌ ሰዎች ጀልባው የራሳቸው ነበር። እንግዳውን በተራ በየቤቱ ያሳርፉ ነበር። የሸመኑትን ጨርቅ በማኅበራቸው ሱቅ በተቆረጠ ዋጋ ይሸጡ ነበር። ከ1980ዎቹ ወዲህ ግን የከተማ ድርጅቶች በጀልባው ሥራ ገቡ። እንግዳው በዛ፤ ለደሴቱ ሰው የሚተርፈው ግን አነሰ። ለምን? ጀልባውን የያዘ እንግዳውን ይይዛልና ነው።

ሌላም ነገር አለ። እንግዳ የሚመጣው ሰላም ሲኖር ነው። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሮና ወረርሽኝ፣ ቀጥሎም በጦርነት ምክንያት ወደ ጣና የሚመጣው ጎብኚ በጣም ቀንሷል። እምቦጭ የሚባለው አረምም በሐይቁ ላይ ተስፋፍቶ ጀልባና ዓሣ አጥማጅ አስቸግሯል። ስለዚህ ብልህ የደሴት ሰው እርሻውንና ቡናውን ትቶ እንግዳ ብቻ አይጠብቅም። የእንግዳ ገንዘብ እንደ ወጥ ማጣፈጫ ነው፤ እንጀራው ሌላ ነው።

ይህ ለናንተም ይሆናል። ብቸና አጠገብ ዲማ ጊዮርጊስ አለ። በሞጣ በኩል ሰባራ ድልድይ አለ። ነገ እንግዳ ቢመጣ፣ የሚመራው ማን ነው? ዋጋውን የሚቆርጠው ማን ነው? ዛሬውኑ ተነጋገሩበት። የተስማማችሁበትንም ጻፉት። ዋጋው በሰሌዳ ይጻፍ። የተራው ስም በመዝገብ ይስፈር። ለተቀበላችሁት ገንዘብ ደረሰኝ ይቆረጥ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለም? ፊደል የቆጠረ ሰው የሚፈርምበትን ውል አንብቦ ይፈርማል። ያልገባውንም «ይህ ምን ማለት ነው?» ብሎ ይጠይቃል።

ለዛሬ በዚሁ እናበቃለን። ከጽሑፉ በታች ያሉትን ጥያቄዎች ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ተወያዩባቸው። ደህና ሁኑ!

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ወደ ጣና ደሴቶች ለሚደረግ ጉዞ የሚከፈሉት ሦስቱ ክፍያዎች ምንና ምን ናቸው?
2. የጀልባ ኪራይ 1,200 ብር ቢሆንና ስድስት ሰዎች ቢጋሩት የአንዱ ድርሻ ስንት ነው?
3. የታኪሌ ሰዎች ጥቅም ለምን አነሰ?
4. በእናንተ ቀበሌ እንግዳ ሊያየው የሚችል ምን አለ? ከዚያስ ማን ሊጠቀም ይገባል?