«ይጠቅም ይሆናል» ብለን ያስቀመጥነው ዕቃና ሕፃናቶቻችን

(አንዲት አዋላጅ ነርስ ለቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎት ወደ ክሊኒክ ለመጡ ባልና ሚስቶች ካደረገችው ንግግር የተወሰደ)



ዛሬ የማነጋግራችሁ ስለ መርፌ ወይም ስለ ክኒን አይደለም፤ ስለ አልጋችሁ ሥር ነው። አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ስትሉ አያለሁ። ነገር ግን በአዋላጅ ነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት ከገጠሙኝ የሕፃናት አደጋዎች ብዙዎቹ የተነሡት ከአልጋ ሥር፣ ከብፌ ጎን፣ ከበር ኋላ፣ በጠቅላላው ዕቃ ከሚከማችበት ቦታ ነው።

አንድ ምሽት አንዲት እናት የአንድ ዓመት ከስምንት ወር ልጇን ታቅፋ እየሮጠች መጣች። ልጁ ያስለዋል፣ ትንፋሹ ይፋጠናል፣ አፉ ላምባ ይሸታል። «ሲስተር፣ ለስላሳ መስሎት ነው» አለችኝ። መብራት ሲጠፋ ለኩራዝ የሚሆን ላምባ በለስላሳ ጠርሙስ ተቀድቶ፣ ከባዶ ጠርሙሶች ጋር አልጋ ሥር ተቀምጦ ነበር። አንዲት ጎረቤት በደግነት «ይውጣለት» ብላ ጣቷን ጉሮሮው ውስጥ ከትታ አስታወከችው። ይህ ደግሞ ጉዳቱን አባባሰው፤ ምክንያቱም ላምባ በማስታወክ ጊዜ ወደ ሳንባ ይገባል። ልጁ ወደ ሆስፒታል ተላከ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከቀናት በኋላ ድኖ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ከልጁ ሕመም ሌላ ያልረሳሁት ነገር የወላጆቹን ንግግር ነው። አባት «ጠርሙሱን ያስቀመጥሽው አንቺ ነሽ» ይላል። እናት «ልጥለው ስል ይጠቅመናል ያልከው አንተ ነህ» ትላለች። እኔ እንደተረዳሁት ሁለቱም ጥፋተኞች አልነበሩም፣ ሁለቱም ደግሞ ነበሩ። ስለዚያ ጠርሙስ ማንም አልወሰነም። ይቀመጥ ያለ የለም፣ ይጣል ያለም የለም፤ ዝም ብሎ ቀረ። በየቤታችን ልጆቻችንን የሚጎዳው ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው፣ ባልና ሚስት ሳይነጋገሩበት የቀረ ዕቃ ነው።

ቤታችን ለምን በዕቃ ይሞላል?

ይህን ስል ማንንም ለመውቀስ አይደለም። በመሐል ሜዳ፣ በሞላሌ፣ በራቤል ወይም በዓለም ከተማ ብዙዎቻችን የምንኖረው በአንድ ወይም በሁለት ክፍል ቤት ነው። ከገጠር ዘመድ እህል በጆንያ ይልክልናል። በመንዝና በግሼ ብርዱ ብርቱ ስለሆነ ባናው፣ በርኖሱ፣ አጎዛው፣ ጋቢው አይቀሬ ነው። እንግዳ ሲመጣ የሚነጠፍለት ያስፈልጋል።

ከዚህም ሌላ ያሳደጉን ወላጆቻችን የ1977ን ድርቅ ያዩ ናቸው። ጣሳውንም ካርቶኑንም ለክፉ ቀን ማስቀመጥን ከእነርሱ ተምረናል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ሰሜን ሸዋ ሲደርስ ቤት ንብረቱን ጥሎ የሸሸ ሰውም ዛሬ የተገኘውን ሁሉ ቢያከማች አይፈረድበትም። ሆኖም ክፉ ቀን ያስተማረን ቁጠባ በራሱ ሌላ ክፉ ቀን እንዳያመጣብን መጠንቀቅ ይገባል።

ቤቱን በልጃችሁ ዓይን እዩት

ዛሬ ቤት ስትገቡ ሁለታችሁም በጉልበታችሁ ተንበርከኩና ቤታችሁን በልጃችሁ ቁመት ተመልከቱት። ቆማችሁ የማይታያችሁ ነገር ሁሉ ያን ጊዜ ይታያችኋል። በተለይ አራት ነገሮችን ፈልጉ።

1ኛ. መርዝነት ያለው ነገር፦ ላምባ፣ በረኪናና የተባይ መድኃኒት በለስላሳ ወይም በውሃ ጠርሙስ ፈጽሞ አይቀመጥ። ሕፃን ጽሑፍ አያነብም፤ ጠርሙሱን ካወቀው ይጠጣዋል። ተርፎ የቆየ መድኃኒት ካለ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ መድኃኒት ቤት አምጡት። እኛው ለነፍሰ ጡር እናት የምንሰጠው የደም ማነስ መከላከያ ክኒን እንኳ ለሕፃን ከረሜላ ይመስለዋል፤ ብዙ ከዋጠው ለሞት ሊያደርሰው ይችላል። ስለዚህ በእጅ ቦርሳ ወይም በትራስ ሥር ሳይሆን ከፍ ባለና በሚቆለፍ ቦታ ይቀመጥ። የነቀዝ ክኒንን በተመለከተ ደግሞ አጥብቄ እለምናችኋለሁ፦ ሰው በሚተኛበት ክፍል ባለ እህል ውስጥ በምንም ምክንያት አይጨመር። የሚያወጣው ጋዝ ነቀዙን ብቻ ሳይሆን ቤተሰቡንም ይገድላል።

ልጃችሁ እንዲህ ያለ ነገር ጠጥቶ ከሆነ አታስታውኩት፤ ወተትም ሆነ ዘይት አትስጡት። የጠጣበትን ጠርሙስ ወይም የዋጠውን መድኃኒት ዕቃ ይዛችሁ ወዲያውኑ ወደ ጤና ድርጅት ሩጡ። እስኪያመው ድረስ አትጠብቁ።

2ኛ. ጥቃቅን ነገር፦ ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ ዶቃ፣ የወዳደቀ ባቄላና ሽምብራ በሕፃን ጉሮሮ ሊሰነቀር ይችላል። ቆሎ የቡና ቁርስ ቢሆንም ለትንሽ ሕፃን አይሰጥም። ከሁሉም የከፋው ትንሿ ክብ የሰዓት ወይም የመጫወቻ ባትሪ ናት። በሕፃን ጉሮሮ ከተሰነቀረች በሁለት ሰዓት ውስጥ ሥጋውን ማቃጠል ትችላለች። ስለዚህ የተበላሸውን መጫወቻና የቆመውን ሰዓት «አንድ ቀን ይሠራ ይሆናል» እያላችሁ መሬት ላይ አታቆዩት።

3ኛ. እሳትና አየር፦ ጠባብ ቤት በዕቃ ሲሞላ ማንደጃውና ጀበናው የሚቀመጡት በመተላለፊያ ላይ ይሆናል። እናት ፍል ውሃ ይዛ ስታልፍ ጆንያ ያደናቅፋታል፤ ልጅ ሲሮጥ ረከቦቱ ላይ ይወድቃል። ልጅ ከተቃጠለ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያህል አፍስሱበት። ቅቤ፣ ሊጥ ወይም የጥርስ ሳሙና አትቀቡት። መስኮት በካርቶንና በጆንያ ተደፍኖ እንደሆነም እዩ። በብርድ ሌሊት ከሰል አንድዶ፣ ቤት ዘግቶ መተኛት ሽታ በሌለው ጋዝ ታፍኖ መሞትን ያስከትላል። ከመተኛታችሁ በፊት ማንደጃው ከቤት ይውጣ፤ መስኮቱም የሚከፈት ይሁን።

4ኛ. የተከመረ ልብስ፦ ሳይታጠብ የተከመረ ልብስና የመኝታ ልብስ የቅማልና የቁንጫ መኖሪያ ነው። በሰውነት ቅማል የሚተላለፉት ተስቦና ግርሻ በደጋው አገራችን የታወቁ ሕመሞች ናቸው። ልብሱ በፈላ ውሃ ይታጠብ፣ ፀሐይ ይምታው፣ ስፌቱ ይተኮስ። የማይለበሰው ደግሞ ከቤት ይውጣ።

እንዴት እንጀምር?

በመጀመሪያ አንድ ቀን ቁረጡ። ሁለታችሁም ሥራ የማትገቡበት ቀን ይሁን። የቤት ጽዳት የሴት ሥራ ብቻ ነው የሚል ባል ካለ የሚከተለውን ያስታውስ፦ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር የመኖሪያ ቤት ጤናማ አያያዝ ከ16ቱ ፓኬጆች አንዱ ሆኖ የገባው የመላው ቤተሰብ የጤና ጉዳይ ስለሆነ ነው።

ቤቱን በሙሉ በአንድ ጊዜ አታፍርሱት፤ ትደክሙና ትተዉታላችሁ። ከአልጋ ሥር ጀምሩ። ዕቃውን አውጥታችሁ በሦስት ክፈሉት፦ የሚቀመጥ፣ የሚሰጥ፣ የሚጣል። ቆራሌው ወይም ልዋጭ በሰፈራችሁ የሚያልፍ ከሆነ ጠርሙሱ፣ ጣሳውና አሮጌ ልብሱ ዋጋ ያወጣል። የተባይ መድኃኒት የነበረበትን ጀሪካን ግን ውሃ አትቅዱበት፣ ለሰውም አትስጡት፤ በስታችሁ ጣሉት።

አንድ ደንብ ግን ይኑራችሁ። አንዳችሁ የሌላውን ዕቃ ሳትጠይቁ አትጣሉ። ለባል ቆሻሻ የመሰለው ለሚስት የእናቷ መታሰቢያ ሊሆን ይችላል። የመንዝ አባቶች የጓሳን ሣር ለዘመናት ጠብቀው ያቆዩት እያንዳንዱ በፈለገው ጊዜ እንዳሻው እያጨደ አልነበረም። ለዓመታት ይከልሉት ነበር፤ ጊዜው ሲደርስ በስምምነት ይከፍቱት ነበር። የጋራ የሆነ ነገር በጋራ ስምምነት ይጠበቃል። ቤታችሁም እንዲሁ ነው።

ስለ ሕፃኑ ልብስ ካርቶን

በመጨረሻ የማነሣው በየቤቱ የማይጠፋውን ካርቶን ነው፤ ልጁ ያደገበት ልብስ፣ ጫማና የአንገት ልብስ ያለበትን። ከእናንተ የተሻልኩ ነኝ አልልም። የመጀመሪያ ልጄን ልብስ ስድስት ዓመት ሙሉ በቁም ሣጥን ላይ አስቀምጬ ነበር። ባለቤቴ አንድ ቀን «ለማን ነው የምናቆየው?» ብሎ ሲጠይቀኝ መልስ አጣሁ። ያን ዕለት ማታ ስለ ሁለተኛ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ በግልጽ ተነጋገርን። እኔ በየቀኑ ለሌሎች ምክር የምሰጠው ሴት፣ በገዛ ቤቴ ጉዳዩን ለስድስት ዓመት ሳላነሣው ቆይቼ ነበር።

እናንተም ያንን ካርቶን ስትከፍቱ ተነጋገሩ። ሌላ ልጅ እንፈልጋለን? ከፈለግንስ መቼ? አንዲት እናት ከወለደች በኋላ እንደገና ከማርገዟ በፊት ቢያንስ 24 ወራት እንድትቆይ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። እንቆያለን ካላችሁ ከልብሱ ደህና ደህናውን አጥባችሁ በአንድ ትንሽ ቋጠሮ አስቀምጡ፤ የቀረውን በሰፈራችሁ ላለች አራስ ስጡ። ይበቃናል ካላችሁም ሁሉንም ስጡ። አንዲት አራስ የታጠበ ልብስ ስታገኝ የምትመርቀው ምርቃት ካርቶኑ ከሚይዘው ቦታ ይበልጣል። ውሳኔው የእናንተ የሁለታችሁ ነው፤ እኛ እዚህ ያለነው የወሰናችሁትን በጤና እንድትፈጽሙት ለመርዳት ነው።

ማጠቃለያ

ቤታችሁ ባዶ ይሁን አላልኩም። ሀብታም ቤት፣ የሚያምር ቤት ይሁንም አላልኩም። በልጃችሁ እጅ ሊደርስ የሚችለው ነገር ሁሉ ሁለታችሁ ተነጋግራችሁ የወሰናችሁበት ይሁን ነው የምለው። ያ ልጅ ዛሬ አድጎ ትምህርት ቤት ገብቷል። እናቱ ባለፈው ስታገኘኝ «ሲስተር፣ አልጋችን ሥር አሁን ጫማ ብቻ ነው ያለው» አለችኝ። እናንተ ግን ልጃችሁ እስኪታመም ሳትጠብቁ ዛሬ ማታ አልጋችሁን ገልጣችሁ እዩ።