ልጆቻችንን በባቡር ወደ ናይቫሻ



ከመካከላችን አንዳንዶች ከለገሃር በባቡር ተሳፍረው፣ ደብረ ዘይት ወርደው፣ ሆራ ሐይቅ ዳር መዋላቸውን ዛሬም ያወራሉ። እዚህ ኪሊማኒ የተወለዱት ልጆቻችን ግን ይህን የሚያውቁት በወሬ ብቻ ነው። ስለዚህ ለኢዮቤልዩአችን አንድ ሐሳብ አለኝ፤ ቤተሰብ ሁሉ አንድ ቀን በባቡር ወደ ናይቫሻ ሐይቅ እንሂድ።

በ2019 እ.ኤ.አ. የተከፈተው መስመር ከናይሮቢ እስከ ሱስዋ 120 ኪሎ ሜትር ነው። ባቡሩ ሐይቁ ዳር ስለማያደርስ ማይ ማሂዩ ወርደን በማታቱ እንቀጥላለን። የመመለሻውን ሰዓት አስቀድመን እንጠይቅ፤ ምሳም ከየቤታችን እንያዝ።

የንጎንግን ዋሻ አልፈን ወደ ስምጥ ሸለቆው ስንወርድ ለልጆቹ እንንገራቸው፤ ይኸው ሸለቆ ወደ ሰሜን ዘልቆ ሐዋሳን፣ ላንጋኖንና ዝዋይን ይዟል። አገራቸው በየት በኩል እንደሆነ ያን ቀን በመስኮት ያያሉ።

መልካም በዓል!